የጉግል «ኢንተርቪው ዋርምአፕ»፦ ለቃለ መጠይቅ ልምምድ የት ድረስ ያዛልቃል?

የሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቃረብ ብዙ ሰው የሚያደርገው አንድ ነው፤ «በብዛት የሚጠየቁ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው» የሚል ፒዲኤፍ ከቴሌግራም አውርዶ ማንበብ። ማንበቡ አይጎዳም፣ አፍን ግን አያፍታታም። በጽሑፍ እንግሊዝኛው የማይታማ አመልካች ኮሚቴ ፊት ተቀምጦ «እስቲ ስለራስህ ንገረን» ሲባል ንግግሩ የሚቆራረጠው መልሱ ጠፍቶት አይደለም፤ ያንን መልስ አንድም ቀን ድምፅ አውጥቶ ስላልተናገረው ነው። የጉግል ኢንተርቪው ዋርምአፕ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያናግራችኋል፣ የተናገራችሁትንም በጽሑፍ ፊታችሁ ያስቀምጣል። የቀሩት ነገሮቹ ግማሾቹ ይጠቅማሉ፣ ግማሾቹ ያሳስታሉ፤ በተለይ አዲስ አበባ ወይም ሀዋሳ ሆኖ ለአገር ውስጥ መሥሪያ ቤት የሚዘጋጅን ሰው።

በድረ ገጽ የሚሠራው ይህ አገልግሎት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። መጀመሪያ የታሰበው የጉግልን የሙያ ሰርተፊኬት ኮርሶች ለሚከታተሉ ሰዎች ቢሆንም ለማንም ክፍት ነው። ክፍያ የለውም፣ አካውንት ክፈቱም አይልም። የሚሠራው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ስትገቡ ዘርፍ ያስመርጣችኋል፦ ዳታ አናሊቲክስ፣ ዲጂታል ማርኬቲንግና ኢ-ኮሜርስ፣ አይቲ ሰፖርት፣ ፕሮጀክት ማኔጅመንት፣ ዩኤክስ ዲዛይን፣ ሳይበር ሴኩሪቲ፣ ለሌላው ሁሉ ደግሞ «ጄኔራል»። ከዚያ 5 ጥያቄ ያቀርባል። ጥያቄዎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ስለ ትምህርታችሁና ልምዳችሁ፣ «እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥምህ ምን አደረግህ» የሚሉ፣ የሙያ እውቀት የሚፈትሹ። ጥያቄው በድምፅ ይነበባል፤ የመመለሻውን ቁልፍ ነክታችሁ ስትናገሩ ቃላችሁ እዚያው እየተጻፈ ይሄዳል። አንድ ዙር አሥር ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። በኪቦርድ መመለስም ይቻላል፤ በኪቦርድ የሚለማመድ ሰው ግን ከፒዲኤፉ ብዙም ፈቀቅ አላለም።

መልሳችሁን ስትጨርሱ መጀመሪያ ወደ ትንታኔው አትሂዱ። ጽሑፉን አንብቡ። ማረም ይፈቀዳል፣ ግን ሳታርሙ ከላይ እስከ ታች እንዳለ አንብቡት፤ ኮሚቴው የሚሰማው እሱን ነውና። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ለጥያቄው መልስ ሰጥቷል? ብዙ ሰው እውነተኛውን መልስ የሚጀምረው አራተኛው ወይም አምስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው «በመጀመሪያ ስለዚህ ዕድል ላመሰግን እወዳለሁ» እና የጥያቄው ድጋሚ ነው። ምስጋናው በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ ያውም ስትገቡ።

ቀጥሎ «እኛ» እና «እኔ» ስንት ስንት ጊዜ እንደገቡ ቁጠሩ። ራስን ማጉላት የሚያስነውር ሆኖ ስላደግን «ሠራን፣ አስተካከልን፣ አጠናቀቅን» ማለት ይቀናናል። ነጥብ የሚሰጠው ሰው ግን ፊቱ ባለው ቅጽ ላይ የሚሞላው የእናንተን ችሎታ እንጂ የቡድናችሁን አይደለም። ቡድኑ ምን እንዳደረገ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራችሁ የራሳችሁን ድርሻ በ«እኔ» መቀጠል ትዕቢት አይደለም፤ የተጠየቀው እሱ ነው።

ከዚያ ቁጥር ፈልጉ። ለሂሳብ ሠራተኛነት የሚወዳደር ሰው «የገጠመህን አንድ ችግርና የፈታህበትን መንገድ ንገረን» ቢባል የመጀመሪያ ሙከራው ብዙውን ጊዜ ይህን ይመስላል፦ «በድርጅታችን የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ላይ ከፍተኛ ችግር ነበር። ተባብረን፣ ጠንክረን ሠርተን አስተካከልነው። ኃላፊዎቻችንም በጣም ደስ አላቸው።» ስትናገሩት የተሟላ መልስ ይመስላል፤ ተጽፎ ስታዩት ምንም የለበትም። ችግሩ ምን ነበር? ማን ምን አደረገ? ምን ተለወጠ? ያው ሰው ያንኑ ሥራ እንዲህ ሊናገረው ይችላል፦ «የየወሩ የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያ እስከ 15ኛው ቀን ይዘገይ ነበር፤ የማስታረቁ ኃላፊነት የእኔ ነበር። የሦስት ወር ሰነድ አገላብጬ ሳይ መዘግየቱ የሚመጣው ያልተመነዘሩ ቼኮች በአንድ መዝገብ ስለማይያዙ መሆኑን አገኘሁ። የቼክ መከታተያ በኤክሴል አዘጋጀሁ፣ ገንዘብ ያዧ በየቀኑ እንድትሞላው አሳየኋት፣ ሁልጊዜ ዓርብ ከባንኩ መግለጫ ጋር አመሳክር ጀመር። ከሁለት ወር በኋላ ማስታረቂያው በ5ኛው ቀን ያልቅ ነበር።»

ይህ «ስታር» የሚባለው አካሄድ ነው፦ ሁኔታው፣ ኃላፊነቱ፣ ያደረጋችሁት፣ ውጤቱ። ሰዎች የሚሳሳቱት በመጠኑ ነው። የመልሱን ግማሽ ያህል የድርጅቱን ታሪክ በመተረክ ያሳልፉና ያደረጉት ላይ ሲደርሱ ትንፋሽም ጊዜም ያልቃል። ሁኔታውና ኃላፊነቱ አንድ ላይ ከመልሱ ሩብ አይብለጡ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ያደረጋችሁት ነገር ይሁን። ጽሑፉ ፊታችሁ ስላለ ይህን በጣት መለካት ይቻላል፣ የአገልግሎቱ ትልቁ ውለታም ይህ ነው። በድምፅ ብቻ ብትቀዱት ይህ መዛባት ያመልጣችኋል።

ርዝመቱንም ከጽሑፉ ማወቅ ይቻላል። ዋርምአፕ «ረዘመብህ» አይላችሁም። ጽሑፉን ገልብጣችሁ ወርድ ወይም ጉግል ዶክስ ላይ ለጥፉና የቃላቱን ብዛት እዩ። በተረጋጋ እንግሊዝኛ አንድ ሰው በደቂቃ ከ120 እስከ 150 ቃል ይናገራል። ስለዚህ ለ«ስለራስህ ንገረን» ከ150 እስከ 200 ቃል፣ ለልምድ ጥያቄ ከ200 እስከ 280 ቃል ይበቃል። 350 ካለፈ ኮሚቴው ማዳመጥ አቁሟል ብላችሁ ያዙት። ከ80 በታች ከሆነ ደግሞ ምሳሌ የለውም ማለት ነው።

ወደ ትንታኔው ስንመጣ ሦስት ነገር ያሳያል፦ ደጋግማችሁ የተጠቀማችሁባቸውን ቃላት፣ ከዘርፉ ጋር የተያያዙ የሙያ ቃላትን፣ እንዲሁም መልሳችሁ የነካቸውን ነጥቦች፤ ልምድ፣ ክህሎት፣ ግብ እና የመሳሰሉትን። የመጀመሪያው በጣም ጠቃሚ ነው። «ሪስፖንሲብል» አንድ መልስ ውስጥ ስድስት ጊዜ እንደገባ አይቶ ያልደነገጠ ሰው የለም፤ በምትኩ የሚሆኑ ቃላትም ይጠቁማል። ጥቆማውን ግን እንዳለ አትቅዱ። ከዚህ በፊት በአፋችሁ ያልገባ ቃል ቃለ መጠይቅ ላይ ሲመጣ ያደናቅፋል። የምታውቁትን ቀላል ግስ ተጠቀሙ፤ አዘጋጀሁ፣ መረመርኩ፣ ቀነስኩ፣ አሠለጠንኩ።

የሙያ ቃላቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አገልግሎቱ ቃሉ መኖሩን እንጂ ንግግሩ ትክክል መሆኑን አይመረምርም። አይቲ ሰፖርት መርጣችሁ «ዲኤንኤስ ለኮምፒውተሮች አይፒ አድራሻ ያድላል፣ ዲኤችሲፒ ደግሞ የድረ ገጽ ስም ወደ አድራሻ ይቀይራል» ብትሉ ሁለቱም የሙያ ቃላት ሆነው ሊቆጠሩላችሁ ይችላሉ። አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒ፣ ስም የሚፈታው ዲኤንኤስ ስለሆነ መልሱ ሙሉ በሙሉ የተገላበጠ ነው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ እዚያው ያስወድቃል። ስለዚህ ብዙ የሙያ ቃል ተቆጠረልኝ ብሎ መርካት ትልቅ ስህተት ነው። የቴክኒክ መልሳችሁን ሙያውን ለሚያውቅ ሰው አስነብቡ፣ ካልሆነም ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር አስተያዩ።

ሌላም የማያሳየው ነገር አለ። «እእእ» የሚለው ማመንታት አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ ላይ አይወጣም፤ ንግግሩን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ፕሮግራም ይዘለዋል። ዝምታውም አይታይም። ንጹሕ ሆኖ የተጻፈ መልስ በአፍ ሲነገር ጉድጓድ የሞላበት ሊሆን ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ስልካችሁ አጠገባችሁ ድምፅ እየቀዳ ይቀመጥ፣ በኋላ ጽሑፉን እያያችሁ አዳምጡት።

አነጋገራችንን ይሰማል ወይ የሚለው ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሳል። በአብዛኛው ይሰማል። የሚስተው ስሞችን ነው፤ ባሕር ዳር፣ ደብረ ብርሃን፣ የድርጅት ስም፣ የአባት ስም እንግዳ የእንግሊዝኛ ቃል ሆነው ይወጣሉ። ይህ የእናንተ ጥፋት አይደለም፣ ዝለሉት። ሌሎች ስህተቶች ግን መልእክት አላቸው። በአማርኛ ምላስን በጥርስ መሃል አድርጎ የሚወጣ ድምፅ ስለሌለን «ቲንክ» የምንለው ወይም ወደ «ሲንክ» የሚያዳላው ቃል (think) ሌላ ቃል ሆኖ ይጻፋል፤ ቃል መጀመሪያ ላይ ተነባቢ ሲደራረብም «እስኩል» እንደሚባለው አናባቢ ጣል እናደርጋለን። አንድ ቃል በተለያየ ቀን ሦስቴ ከተሳሳተና ያ ቃል የሙያችሁ ዋና ቃል ከሆነ አነባበቡን ለይታችሁ ተለማመዱት። ከዚያ ውጪ የአነጋገር ዘዬን ለመቀየር መድከም ጊዜ ማባከን ነው። ይልቅ ዝግ ብላችሁ ተናገሩ፤ ግማሹ ስህተት በፍጥነት የሚመጣ ነው።

ስለ ኔትወርኩም መናገር ያስፈልጋል። ንግግሩን ወደ ጽሑፍ ለመቀየር ግንኙነቱ መኖር አለበት፤ ሲቆራረጥ ቃላት ይዘለላሉ ወይም ጽሑፉ መሃል ላይ ይቆማል። ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ነክታችሁ እዚያው ውስጥ ከተከፈተ ማይክ ሊከለክል ስለሚችል ወደ ክሮም አውጥታችሁ ክፈቱት፤ ማይክ ልጠቀም ብሎ ሲጠይቅ «ፍቀድ» በሉ። የጆሮ ማዳመጫ ማይክ ከስልኩ ማይክ ይሻላል፣ ልብስ ላይ እንዳይታከክ ብቻ ተጠንቀቁ። መልሶቻችሁ አይቀመጡም፤ ይህ ለምስጢር ጥሩ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ወይም ገጹ ሲዘጋ ግን ሁሉም ይሄዳል። እያንዳንዱን መልስ እንደጨረሳችሁ ገልብጣችሁ ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅ» ላይ ብታስቀምጡ ሁለት ጥቅም አለው፤ አይጠፋም፣ ሦስተኛውን ሙከራ ከመጀመሪያው ጋር ለማስተያየትም ይሆናል።

የአገልግሎቱ ትልቁ ድክመት ዘርፎቹ ጥቂት መሆናቸው ነው። የሂሳብ ሠራተኛ፣ ነርስ፣ ሲቪል መሐንዲስ፣ መምህር፣ የባንክ ሠራተኛ የሚሆን የሙያ ጥያቄ የለም። ለእነዚህ «ጄኔራል» ስለ ልምድና ስለ ባህርይ ለሚጠየቀው ብቻ ይጠቅማል። ለመያድ የፕሮጀክት ሥራ የሚወዳደር ሰው ግን ፕሮጀክት ማኔጅመንትን ቢመርጥ ያተርፋል፤ በጀት፣ የጊዜ ሰሌዳ፣ ስጋት፣ ባለድርሻ አካላት እዚያም እዚህም አንድ ናቸው። አሜሪካ ሆነው የአይቲ ሰርተፊኬት ይዘው የመጀመሪያ የሄልፕ ዴስክ ሥራ ለሚፈልጉ ወገኖች ደግሞ ልክ ለእነሱ የተሠራ ነው። ጥያቄዎቹ የአሜሪካንን የቃለ መጠይቅ ልማድ የተከተሉ ናቸው።

ዘርፋችሁ ከሌለ የሙያ ጥያቄውን ራሳችሁ ከማስታወቂያው አውጡ። የክፍት ሥራ ማስታወቂያው ላይ «ተግባርና ኃላፊነት» በሚለው ሥር ያለውን እያንዳንዱን መስመር ወደ ጥያቄ ቀይሩት። «የወር ደመወዝ መክፈያ ያዘጋጃል» የሚል ካለ ሁለት ጥያቄ አለው፤ እንዴት ታዘጋጃለህ፣ ስህተት ቢገኝ ምን ታደርጋለህ። ሰባት መስመር ካለ 14 ጥያቄ አገኛችሁ ማለት ነው። ኮሚቴውም ጥያቄውን ሲያወጣ ያንኑ ወረቀት ይመለከታል።

የአገራችን ቃለ መጠይቅ ዋርምአፕ ከሚያውቀው በብዙ ይለያል። ብዙ ቦታ ጽሑፍ ፈተና ይቀድማል። ፊታችሁ የሚቀመጡት ሦስት ወይም አምስት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ ከሰው ኃይል፣ አንዱ ከሚቀጥራችሁ ክፍል። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ተጀምሮ መሃል ላይ «በአማርኛ ማስረዳት ትችላለህ» ይባላል፣ ወይም ተገላቢጦሹ። ለዚህ የተሻለው ልምምድ አንዱን መልስ በሁለቱም ቋንቋ መናገር ነው። ብዙ ሰው በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ በአማርኛ ሲጠየቅ የሙያውን ቃል ያጣል። ለጠያቂው መልስ ስትሰጡ ከጠየቃችሁ ሰው ጀምራችሁ ወደ ሌሎቹም እያያችሁ ተናገሩ፤ ዕድሜያችሁ ከእነሱ ቢበልጥም ቢያንስም «እርስዎ» ይሁን።

የደመወዝ ጥያቄም ይነሳል፤ «ስንት ትጠብቃለህ?» ሲባል መጀመሪያ የምትሉት አሃዝ ያልተጣራ ይሁን የተጣራ ግልጽ ይሁን። ከመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ከሥራ ግብሩ ሌላ 7 በመቶ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ ስለሚቆረጥ በእጅ የሚገባው ከፊርማው ብዙ ያንሳል። ቤት ውስጥ ሁለቱንም አስሉና አንድ ጠባብ ክልል ይዛችሁ ግቡ። «በመሥሪያ ቤቱ ስኬል መሠረት» የሚለው መልስ ስኬል ላለው መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ «በስምምነት» ብሎ ላስተዋወቀ የግል ድርጅት ግን ድርድሩን ለእነሱ መተው ነው።

ከሁሉም በላይ የሚጎድለው ተከታይ ጥያቄ ነው። ዋርምአፕ መልሳችሁን ሰምቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የሚያውቅ ጠያቂ ግን እዚያ አይለቃችሁም፤ «ማን ፈቀደልህ? ገንዘብ ያዧ እምቢ ብትልስ? ያ 5ኛው ቀን ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው?» ይላል። የተጋነነ ልምድ የሚጋለጠው እዚህ ነው። ቻትጂፒቲን የመሳሰሉ መተግበሪያዎች ይህን ቀዳዳ በከፊል ይሸፍናሉ፤ መልሳችሁን ለጥፋችሁ «ጥርጣሬ እንዳለው ጠያቂ ሆነህ አምስት ተከታይ ጥያቄ ጠይቀኝ፣ መልሱን አትጻፍልኝ» በሏቸው። የመጨረሻው ሐረግ ወሳኝ ነው። ካልከለከላችኋቸው የተዋበ መልስ ጽፈው ይሰጧችኋል፣ እናንተም ትሸመድዱታላችሁ፤ የተሸመደደ መልስ ደግሞ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ይታወቃል፣ አንድ ቃል ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በክፍያ የሚሰጡ የቃለ መጠይቅ ሥልጠናዎችም አሉ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ ለእኔ ለብቻዬ ስንት ደቂቃ የማስመሰያ ቃለ መጠይቅ አለ? መልሱ ስላይድ እናሳያለን ከሆነ ቤታችሁ ሆናችሁ በነፃ ልትሠሩት የምትችሉትን እየገዛችሁ ነው።

አንድ ሳምንት ላለው ሰው ዋርምአፕን የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ላይ ብቻ ያውለው። በቀን አንድ ዙር ይበቃል፤ በአንድ ቁጭታ አራት ዙር የሚሠራ ሰው ደክሞት ያንኑ ስህተት ያጸናል። በመጀመሪያው ቀን ሳትዘጋጁ መልሱ፣ ጽሑፉን አስቀምጡ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ደካሞቹን ሁለት መልሶች ብቻ አሻሽሉ። ከስድስት እስከ ስምንት እውነተኛ የሥራ ገጠመኝ ካላችሁ ለአብዛኛው ጥያቄ ይበቃል፤ ግጭት የነበረበት፣ የተሳሳታችሁበት፣ ጊዜ የጠበበበት፣ ያለ ትእዛዝ የጀመራችሁት፣ ሰው ያስተማራችሁበት። አዲስ ተመራቂ ከሆናችሁ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የተግባር ልምምድ፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ እኩል ያገለግላል፤ ቁጥርና የራሳችሁ ድርሻ እስካለው ድረስ።

ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ማሽኑን ተዉትና ሰው ፊት ተቀመጡ። ወንድም፣ እህት፣ የሥራ ባልደረባ ማንም ይሁን፤ ሁለት ሰው ቢገኝ ይሻላል፣ ዓይን ማከፋፈልን ያስለምዳል። ከማስታወቂያው ያወጣችሁትን ጥያቄ ስጧቸውና አንድ ሕግ ንገሯቸው፤ ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ «እንዴት?» ወይም «ለምን?» ብለው ሁለት ጊዜ ይጠይቁ። ሁለተኛው «ለምን» ላይ የሚያልቅባችሁን መልስ ምልክት አድርጉበት፤ ከቃለ መጠይቁ በፊት የሚቀራችሁ ሥራ የእነዚያን መልሶች ዝርዝር ከሰነዳችሁና ከቀድሞ ባልደረቦቻችሁ አጣርቶ መሙላት ነው።